የሰር ጀርቬስ መዝገብ

ሰር ጀርቬስ ተቀብሮ ሦስት ሌሊት አለፈ።
የቆዳ መዝገቡ፣ ከራስጌው ያረፈ፣
ዛሬ በእኔ እጅ ነው፤ አርባ ዓመት የጻፍኩት፣
እሱ እየነገረኝ፣ እኔ ያልጠየቅኩት።

«አሥራ ሁለት ፓውንድ ለጥቁር ከፋይ ካባ፣
ሎንዶን፣ ፓርላማው ዘንድ፣ ጌታዬ ሲገባ።
ለፈረስ ገለባ፣ ለጀልባ ቀዛፊ፣
ለበር ጠባቂውም ስድስት ፔኒ ትራፊ።»
ሄርፎርድሸር ሲመርጠው የፖም ጠጅ ፈሰሰ፣
ድምፁን የሰጠ ሁሉ እስኪወድቅ ቀመሰ፤
ያም ተጽፏል እዚህ፤ አሥር በርሜል ሙሉ፣
«ለጎረቤት ፍቅር» ይላል እንደ አመሉ።

እዚያስ ምን ተናገረ? በሁለት ዓመት አንዴ፣
«ባሕር አይቶ አያውቅም ወገኔ፣ ዘመዴ፤
የመርከብ ግብር ግን ከበጉ ላይ ወጣ»
ብሎ ተቀመጠ፤ ላብ በግንባሩ መጣ።

ከዚያ ጦርነቱ። ልጁ ፒርስ ለዘውድ፣
አባት ለሸንጎው፤ ሁለት ሰይፍ ካንድ ማዕድ።
እመቤት ዶርካስም ቤቱ ሲከበብባት፣
የጣሪያውን እርሳስ አቀለጠች ለጥይት።
እርሳስ ጻፍ ሲሉት ማንን እንደጻፈ፣
ከፖም ዛፎቹ ሥር ማን እንደረገፈ፣
አንድም ሰው አልጠየቀ። ገጹ ባዶ፤ ብቻ
«አንድ የኦክ ሣጥን፣ ለፒርስ መክተቻ።»
ዋጋውን ሊነግረኝ ወደ እኔ ዞረ፣
ከንፈሩ ተላወሰ፤ ያው ሳይሞላ ቀረ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»
ያለ ሰው ይምጣና ያን ጥር ይመልስ፤
ሎንዶን ላይ ዘውድ ያለው ራስ ተከሰሰ፣
መጥረቢያ ሞፈር ሆኖ ሰማዩም ታረሰ።
ጌታዬስ? ከፍርዱ ወረቀት ስሙ የለም፤
«ሪህ ያዘኝ» አስጻፈኝ። እግሩ ግን አያምም፤
ሌሊቱን ሰማሁት ከላይ ሲመላለስ፣
ጣውላው ሲንቋቋ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ።

ንጉሥ በሌለበት ዳኛ ተባለና
ሰካራም ቀጣበት፣ ጠገነ ጎዳና፤
ገና እንዳይከበር ተከለከለ ቢሉ፣
«ዝይ፣ ሁለት፤ ለበሽተኛ» ይላል ያው አመሉ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ዘውዱ ተመለሰ፤
ለደወል ደዋዮች ሦስት ሽልንግ ደረሰ፣
«ለደስታ» ይላል። ያው እጅ፣ ያው ቀለም፤
ከነፋሱ ጋራ ዛፍ ጠብ አይገጥምም።
ለምሕረት ደብዳቤ መስኩ ሲሸጥበት፣
ገዛው ያ መራጩ፣ ጠጁን የጠጣበት።

ዛሬ ሁለተኛ የኦክ ሣጥን ገዛሁ፣
ሁለት ፓውንድ ከአራት፤ ዋጋውን አኖርሁ።
ከዚያ ወደ ኋላ ያቺን ገጽ ገለጥኩኝ፣
ባዶዋን ልሞላ ብዕሬን ነከርኩኝ።
«ተወው፣ ኦባዲያ» አለችኝ ከበሩ ላይ
እመቤት ዶርካስ ናት፣ መዝገቡን ሳታይ።