ስምንተኛው በር

«ሻንጣሽ ሰው አከለ፣ የሁለት ክፈይ» አለ፣
ወያላው ከመስኮት እንደተንጠለጠለ።
«ወይ ውረጂ፣ እማማ።» ወረድኩኝ፤ ምን አለ?
አንድ ሰው የሚያደርስ ብቻ ነው የነበረኝ፤
በሚያዝያ ቀትር ለገሃር አስቀረኝ።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ፣ ብቻዬን፣ በእግሬ፣
አሥራ ስምንት ኪሎ በትከሻዬ አስሬ፣
ሰባት በር አልፌአለሁ፣ የተራራ በር፤
መዝጊያ የለው፣ ጉበን የለው፤ ነፋስ ነው የሚኖር።
እዚያ ጥላ ማለት ከቋጥኝ ሥር ያለ አንድ እፍኝ ነገር ነው፤
ፀሐይ መቀመጫ አጥታ ሰው ላይ ነው የምታርፈው።
ማታ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ ቋ ይላል፣ ጣቱን እንደሚያንቋቋ ሰው።
ውሃ በጉንጭ እንጂ በኮዳ አይለካም፤ የሚጠጣ ሁሉ
ቀድሞ ከራሱ ጋር መማከር አለበት።
ሦስተኛው ላይ ቋጥኙን ስይዝ መዳፌ ተላጠበት፤
አምስተኛው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምክንያቱን አልነግራችሁም፤
ምክንያት አልነበረም። ያየኝም የለም።

ቸርችል ግን ምንድን ነው? አንድ አቀበት!
ሠላሳ አንድ ዓመት ወጥቼ የወረድኩበት።
ዛሬ ረዘመብኝ። አስፋልቱ ለስልሶ ጫማዬን ይስባል፣
ያስቆመኝና ደግሞ «ሂጂ» ብሎ ይለቀኛል።
ብሔራዊ ቲያትር ጋ አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ አየኝና
«እማማ፣ ከየት ተፈናቅለው ነው?» አለ፤ አዘነና
ሙዝ ሰጠኝ። «ለደስታዬ ነው የወጣሁት፣ በጡረታዬ»
ልለው ነበር። አፈርኩ። ሙዙን በላሁ፣ ጨው ሆኖልኝ ላብ ከግንባሬ።

ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ሻንጣዬን አሳረፍኩ።
እዚህ ውስጥ ነው ዕድሜዬን በረድፍ ያሰለፍኩ፤
ቁጥር ከሳጥን ጋር፣ ሳጥን ከቁጥር ጋር።
ዘበኛው ይማም አይቶኝ፣ ውሃ ይዞልኝ ወጣ፤
«ጡረታ እረፍት መስሎኝ! ላንቺ ግን ሸክም አመጣ»
አለና ሳቀ።
በዚህ ከተማ ደብዳቤ ደጅ አይጠናም፤ ቁልፍ ያለው ይመጣል፣
ሳጥኑን ይከፍታል፣ ይዞ ይሄዳል።
የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም።
ቁጥር የሌለው ከመጣ ደግሞ ማኅተሜ አይዘገይም፦
«አድራሻው አይታወቅም።»
ስንቱን መለስኩ! ማታ ማታም
እንቅልፍ አላጣሁም።

ስድስተኛው በር ላይ ግን አቶ ጥጋቡ፣
የአንድ ካብ ጥላ ከበቅሏቸው እኩል ተካፍለው፣ ተክዘው ሲያስቡ፣
«አዲስ አበባ ነሽ?» አሉኝ። «ነኝ።»
«እንግዲያስ ልጄን ታውቂያታለሽ፤ ፒያሳ ናት፤ ይኼን አድርሽልኝ።»
ከቆባቸው ውስጥ ወረቀት አወጡ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ፣ በላብ የራሰ፣
ቀለሙ ከዳር ዳር የፈሰሰ፦
«ማንጠግቦሽ ጥጋቡ፣ ፒያሳ።» በቃ።
ላስረዳ አፌን ብከፍት ነፋስ ገባበት፤ ዘጋሁት፤
ወረቀቱን ተቀበልኩት።
ከዚያ ወዲህ ስንቁ አለቀ፣ ውሃው አለቀ፤
ሻንጣው ግን ክብደቱ ከመነሻው ላቀ።

ጥቁር አንበሳን አለፍኩ። ማዘጋጃ ደረስኩ፣
ዞሬ ቁልቁል አየሁ፣ ትንፋሽ ሰበሰብኩ፤
ለገሃር ከታች በሙቀት ይርገበገባል፣
ያ የሁለት ሰው ሂሳብ የጠየቀኝ ታክሲ ክብሪት ያክላል።
ተራራ ቢሆን ኖሮ አንድ ድንጋይ ካቡ ላይ ጨምሬ
አልፍ ነበር። እዚህ ግን በእጄ ያለው የሙዝ ልጣጭ ነው፤ ያዝኩት፣ እስካሁን አፍሬ።

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ አጥር፣ አረንጓዴ በር።
ከአንዱ መጀመር ነበር።
ብረቱ ግሏል፤ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ከውስጥ አንዲት ሴት። ዝም አልኩ፤ ላቤን ጠረግሁ።
በሰባቱም በር ላይ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም፣
መልስ አላዘጋጀሁም።
«ማነው?» ደገመች።

«ፖስታ» አልኩ።