ዝቅተኛው መስፈርት

ነሐሴ ነው፤ ጠብታ የማያውቅ የቂርያት ጋት ነሐሴ፣
አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ ሙቀቱ ከእግሬ ይወጣል እስከ ራሴ።
ልጄ ሲቫን፣ የሌሊት ፈረቃዬን ሳልጀምር፣
ወረቀት አጣጥፋ ወሰደችኝ ላፕቶፕ ልንመረምር።

ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ከፍላዋለች፤
ግራው “ዝቅተኛ መስፈርት”፣ ቀኙ “የሚመከር” ነው ትላለች።
አዲሱ ጌም ሊወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤
ጭጋግ የዋጠው ወደብ አለ፣ መርከብ ይጠፋበታል፣
የባሕሩን መብራት የምትጠብቅ ልጅ አለች፤ ሲቫን እሷን ትሆናለች፣
የአሽዶዷ ጓደኛዋ ኖጋ ደግሞ መርከቡን ትነዳለች።
የቤታችን አሮጌ ላፕቶፕ የመብራት ሂሳብ ሲከፈልበት እንኳ ያቃስታል።

ሻጩ ስታስ ይባላል፤ ከኦዴሳ የመጣ፣ ጢሙ ቀይ፤
ዕብራይስጡ እንደ እኔው ነው፤ ይሰበራል መንገድ ላይ።
ተግባባን። ሰባራ ከሰባራ ጋር ቶሎ ይገጥማል።

“ይኸውላችሁ!” አለ አንዱን በሁለት ጣት አንስቶ፤
እንደ ትሪ የሳሳ፣ የሚያበራ ብር ተቀብቶ።
የሲቫን ዓይን ሄደ። የእኔም ሄደ፣ አልዋሽም።
ዋጋው ላይ ስንደርስ የእኔ ብቻውን ተመለሰ።

እሷ ስለ ግራፊክስ ካርድ፣ ስለ ራም ትጠይቃለች፤
እኔ ሟቹን እንደማያውቅ ለቀስተኛ ራሴን እነቀንቃለሁ።
“ልቡ ፕሮሰሰሩ ነው” አለ፤ “ምናልባት እዚሁ ነው የተሠራ፣
ከመንገዱ ማዶ፣ ከቺፑ ፋብሪካ፣ ከዚያ ሌሊት ከሚያበራ።”

የዚያን ፋብሪካ በር ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ።
መታወቂያ አይቻለሁ፣ ቦርሳ ፈትሻለሁ፤
ቺፕ የሚሏትን ግን በዓይኔ አላየሁም። ከጥፍር ታንሳለች አሉ።
ዘጠኝ ዓመት ጥፍር የምታህል ነገር እንዳትወጣ ቆምኩ፤
አሁን በአሥር ወር ክፍያ ልገዛት ኪሴን ዳበስኩ።

ስታስ በቀጭኑ ላይ ጌም ከፈተ፣ ለሙከራ።
አምስት ደቂቃ ጋለበ። በስድስተኛው አነከሰ።
መዳፌን ከሥሩ ሰደድኩ፤ ፈጀኝ።
ይኼንንስ አውቀዋለሁ።
አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ወናፉን እኔ ነበርኩ የምነፋ፤
“እሳት አይደለም ሥራው፤ ትንፋሽ ነው” ይለኝ ነበር፣ ብረቱ እንቢ ሲል፣ ሲከፋ።
የእሱ ትንፋሽ ለማጋል፣ የዚህኛው ለማብረድ፤
ይሁን። የታፈነ ሁሉ ይሰንፋል።

ላፕቶፖቹን አንድ ባንድ ገለበጥኩ፣ ሆዳቸውን አየሁ።
“አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አለች፣ ሰው እንዳያየን ዞር ዞር ብላ።
“የሚተነፍስበትን እየፈለግሁ።”
ስታስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው፤
ከታችኛው መደርደሪያ ጡብ የመሰለ ጥቁር ነገር አወጣ፣
ጎኑ ሁሉ ወንፊት፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚቆጣ።
ግማሽ ሰዓት ጋለበ። መዳፌን ለብ አለው፣ ያ ብቻ።

ሲቫን በግራው ዓምድ እስከ ታች ምልክት አደረገች፤
በቀኙ አንድ ባዶ ቀረ።
“ይበቃኛል፣ አባ። ዝቅተኛውን ያሟላል።”

ያቺ ቃል ያዘችኝ።
እኔም ስገባ አንድ ጸሐፊ ጣቱን በመዝገብ ላይ እየነዳ፣
ስምህ? የማን ልጅ? ከየት መንደር? ብሎኝ ነበር።
አሟላሁ፤ በሩም ተከፈተ።
ቀኙ ዓምድ የት እንደተጻፈ ግን እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

“ስታስ፣ ራም የምትሉት ይጨመርለታል?”
“በሦስት መቶ ሼቄል።”
“ጨምርለት። ክፍያው አሥራ ሁለት ወር ይሁን።”
ሲቫን ዝም አለች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችው።

አሥራ ሦስተኛው ሌሊት፣ ከንጋቱ ስምንት ሰዓት፣
በር ላይ ቆሜ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ፎቶ ነው፤
ጭጋግ፣ ወደብ፣ አንድ ብርቱካናማ መብራት።
“አበራሁት። ኖጋ ገባች” ትላለች።
ነገ ትምህርት አለ ብዬ መቆጣት ነበረብኝ።
“ይሞቃል?” ብዬ ጻፍኩላት።
“ይተነፍሳል” አለችኝ።