የፕላስቲክ ቦራ

ቀን ጥፍር እሠራለሁ፣ ለገጣፎ መውጫ፣ ባጃጁ ተራ ጋ፤
ሌት ፈረስ እሠራለሁ፣ በዚያው ሞረድ፣ በዚያው መብራት፣ መዝጊያዬ ሲዘጋ።

ፈረስ ስል አትሣቁ፤ የመርካቶ ነው፣ የልጅ መጫወቻ፣
ከዳይኖሰር ጋራ በፌስታል ታጉሮ፣ ሠላሳ ብር ብቻ።
ሁሉም አንድ መልክ ነው፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣
አንድ እግሩን አንሥቶ የቀረ፣ ገና ከፋብሪካው ሲወጣ እንደደነገጠ።

በጸጉር ማድረቂያ አንገቱን አሞቃለሁ፣ እስኪለዝብ ድረስ፤
ወደ ታች አጎነብሰዋለሁ፤ ሲደክመው ነው ፈረስ፣ ፈረስ።
የላስቲክ ጋማውን በምላጭ እልጣለሁ፤
ለሙሽራ ጥፍር ከበጠበጥኩት ዱቄት የተረፈ ካለ፣
በሱ ጉልበት እሠራለሁ፣ በሱ ሽንጥ እሞላለሁ።
አሴቶን። ሞረድ። ደግሞ ሞረድ።
አቧራው ቅንድቤ ላይ ሲወርድ
እህቴ ትመጣና «ዕድሜሽን በምን ፈጀሽው?» ትላለች፤
አፍንጫዋን ይዛ፣ ግን ቁጭ ብላ ታያለች።

ዳማ ሦስት ቀለም ይፈጃል፤ ቡናማ፣ የደረቀ ቀይ፣
ከሥር ደግሞ ማንም ለጥፍሯ የማትመርጠው ብርቱካን፣ ፀሐይ ስታገኘው ብቻ የሚታይ።
አምባላይ ይከብዳል፤ ነጭ ነጭ አይደለም፤
ከሥሩ አመድ ካልነሰነሱበት አምባላይ የለም።
ጆሮ ስንቴ ተሰብሮብኛል!

አንድ ቀን ጋሽ ረጋሳ መጣ፣ ጋሪ ነጂ የነበረ፣
ዛሬ በዚያው ተራ የባጃጅ ወረፋ አስከባሪ ሆኖ የቀረ።
መስኮቴ ላይ የደረደርኳቸውን አየና አይቶ
«ቦራን ትሠሪልኛለሽ?» አለኝ፣ ባርኔጣውን በእጁ አሽቶ።
«ፎቶ አለህ?» አልኩት። ሣቀ።
«ዐሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ከኋላው ነው» አለኝ፤ ሣቁ ወዲያው ደረቀ።

የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ ብርድ ይሁን ጅብ አያውቅም።
የኋላ ቀኝ ሰኮናው ወደ ውስጥ ያደላል፤ ሲቆም እሱን ያሳርፋል።
ይህን ነገረኝ። ሌላውን እኔ አውቃለሁ፤
ክረምት፣ ጋሪው ላይ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣
ከጠፍሩ ሥር፣ ትከሻው ላይ፣ ዝንብ የከበበውን አይቻለሁ፤ ዓይኔን መልሼ።

ዘጠኝ ሌሊት ፈጀ።
የግንባሩን ነጭ በቅንድብ መኳያ ብሩሽ አወጣሁት፤
ቁስሉንም፣ እውነት እውነት ነው ብዬ፣
ሮዝ፣ ጥቂት ቀይ፣ ከላይ የሚያብለጨልጨውን ማሳረጊያ ቀባሁት።
ርጥብ መሰለ። ኮራሁበት።

ቅዳሜ መጣ። በመዳፉ ይዞት ወደ መብራቱ ዞረ።
ሰኮናውን ገልብጦ አየ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው፤
ከዚያ አውራ ጣቱ ቁስሉ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።
ውጭ አንዱ «ረጋሳ! ወረፋ!» ብሎ ተጣራ።
አልሰማም። «ይህን አይተሽው ነበር?» አለኝ፤
«ያኔ? በዚያች ዕድሜሽ? ስትሄጂ ከኔ ጋራ?»

«አዎ።»

«ጨርቅ አደርግለት ነበር» አለ።
ቆይቶ፣ «ሁልጊዜ አይደለም» አለ።

«ላጥፋው?» ብዬ አሴቶኑን አነሣሁ።
«ተይው።»
ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ጫፉን በጥርሱ ቀደደ፣ ቴምብር የምታህል፤
እኔም አራት አጥፌ፣ ከጠፍሩ ጋራ ሰፋኋት፣
በቁስሉና በጠፍሩ መኻል።

ዋጋ ጠየቀኝ። የጥፍር ዋጋ ነገርኩት፣ የአንድ እጅ።
ከፈለ። የኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ አቆመው፣
አንገቱ ብቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮ፤
እያየው ወጣ፣ ባጃጆቹ መኻል፣ ሊደናቀፍ ምንም ሳይቀረው።

እኔም ሞረዴን ጠረግሁ።
ሁለት ሴቶች ይጠብቁኛል፤ አንዷ ቀይ ብላለች፣
ሌላዋ ገና አልወሰነችም።