አለሁ ባይ

በሊሚንካ ሜዳ፣ በበረዶው ዳርቻ፣
ሰማይን ደግፈው የቆሙ ብረቶች፤
ከአጥሩ ውስጥ ግራጫ ቤት፣ አንዲት መስኮት ብቻ፣
ከመስኮቷ ኋላ ሁለት ሰዎች።
ታውኖ ከነመፍቻው፣ ሄልካ ከነላፕቶፗ፤
ጢሙ ላይ የእሱ ትንፋሽ፣ የእሷ እንቅልፍ በቅንድቧ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሽቦ ያሰረ እጅ
ዛሬ ሊፈታ መጣ።
ሁለት ሺህ መዳብ፣ በእያንዳንዱ አንገት
ትንሽ ነጭ ክታብ፣ በራሱ ጽሕፈት፤
ይኼ ወደ ብሬከሩ፣ ያኛው ወደ ደወሉ።
በእነርሱ ፈንታ የገባው ከስፌት ክር የቀጠነ፣
ብርሃን የሚያመላልስ፣ መስታወት የሆነ
አንድ ቢጫ ገመድ ነው።
«መዳቡን እነካዋለሁ» አለ፣ «ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤
ይኼን ግን የት ልንካው? ሲናገርስ ማን ይሰማዋል?»

ሄልካ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረች።
መልእክቱ ዝይ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገጣጥሙ
እንዲያው የወፍ ስም ሆኖ ወጣ ስሙ።
ሪሌው አንድ ነገር ሲያይ ቁጥሩን በአንድ ጨምሮ ይጮኻል፤
ከሰከንድ አራት ሺኛ በኋላ ደግሞ፣
ከስምንት ሺኛ በኋላ ደግሞ፣ ከአሥራ ስድስት፣
እየዘገየ፣ እየተረጋጋ፣
አልቅሶ አልቅሶ እንደሚተኛ ሕፃን።
ግን አይተኛም።
በየሰከንዱ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ እስኪነጋ፦
«ለውጥ የለም፤ አለሁ።
ለውጥ የለም፤ አለሁ።»

ታውኖ ሳቀ። «ይኼማ አክስቴ ሲርካ ናት፤
እሑድ እሑድ የምትደውል፣ አንድ ወሬ የሌላት።
ምንም ካልሆነ ለምን ያወራል?»
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉ ሰዎች አሉ፤
ታውኖን ቢያውቁት ኖሮ ዘመዳችን ነው ባሉ።

ሄልካ መልስ አልሰጠችም። ክሩን ነቀለችው።
አንድ ሰከንድ። ሁለት።
ስክሪኑ ቀላ።
«አየህ? ዝም ማለቱ ነው የጮኸው።»

ያን ጊዜ ታውኖ መፍቻውን ወለሉ ላይ አኖረ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ።

ከዓመታት በፊት፣ ኬብሉ ከተቀበረበት ቦይ ውስጥ፣
አንዱን መዳብ በላችው አንዲት አይጥ።
አሥራ አንድ ወር ማንም አላወቀ።
ሽቦው ዝም አለ፤ ዝም ስላለ ደህና ነው ተባለ፤
መዝገቡ ላይ የፈረመው ታውኖ ነበር።
መብረቁ ሲመጣ ብሬከሩ ትእዛዝ ጠበቀ፤
ትእዛዙ አይጧ ሆድ ውስጥ ቀርቷል።
ትራንስፎርመሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ችቦ ነደደ፤
ራውሊም ከዚያ ወዲህ
ኩባያ የሚያነሳው በግራ እጁ ነው።

«ሽቦ ዝም ሲል» አለ ታውኖ፣ «ደህናም ይሁን ሙትም
መልኩ አንድ ነው።»
ክሩን በገዛ እጁ መልሶ ሰካው።
ከፈታቸው ክታቦች አንዷን ኪሱ ከተታት፤
የትኛዋን እንደሆነ ሄልካ አልጠየቀችም።

በገና ጡረታ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣
አንዲት መስመር ይልካል፦ «ለውጥ የለም።»
ሄልካ አትመልስም፤ ማንበቧን እሱም ያውቃል።

በመጋቢት፣ በአንዱ ሰኞ፣ ስልኳ ዝም አለ።
ረፈደ። ቀትር ሆነ።
ስብሰባው መሐል ተነሥታ ወጣች፤
ስድሳ ኪሎ ሜትር በረዶ፣
ሬዲዮኑን ሳትከፍት።

ሐይቁ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ ቀይ ቆብ።
«ታውኖ!»
«አለሁ!»
ዓሣ ከሚያጠምድበት ጉድጓድ ቀና ሳይል፦
«ስልኬ እዚህ ገባ። ነገ ሌላ እገዛለሁ።
መዝግቢው እንግዲህ፣ ቁጥሬ ተለውጧል።»

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ሳቀች፣
ሳቁም አልቆመላት፣ ዓይኗን በጓንቷ እስክትጠርግ።
ዝይዎቹ ገና አልመጡም።
ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጸጥ ብሏል፤
ሄልካ ሽቅብ አየችው፣
አላመነችውም።