መቃን የሌለው በር

ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ፤ ሙቀቱ ከሐይቁ ተነሥቶ፣
ዐሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል ላብ በላብ ተኝቶ፣
«አቴናና ስፓርታ» ብዬ ጻፍኩ በጠመኔ፤
ግማሹ ያንጎላጃል፤ ሳልዋሽ፣ ከነእኔ።

«ስፓርታ ሞኝ አይደለም፤ በቡቃያ አይመጣም፣
ያልበሰለ ገብስ ሊያቃጥል እግሩን አያወጣም፤
የሚደርሰው፣ ልጆች፣ በአዝመራ ነው» ስላቸው፣
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንጃ፣ ምን ነካቸው?
ዘወር ስል፣ ዐይን ሁሉ ከኋላ ወንበር፤
አዝመራ የምትባል ልጅ ተቀምጣ ነበር።
አልሳቀችም።

ቀጠልኩ፦ «ባላገሩ ሁሉ ወደ ከተማው ነጎደ፣
በጉንና በሬውን ወደ ደሴት ሰደደ፣
የቤቱን እንጨት ሳይቀር፣ በሩን እንኳ ነቅሎ፣
ከግንቡ ሥር ሰፈረ፣ ጓዙን ጠቅልሎ።»
ደሴት ስል አንገቱን ያላዞረ የለም፤
ክብራን ጠብ ብሏል ውሃው ላይ፣ እንደ ጥቁር ቀለም።

እጇን አወጣች።
«መምህር፣ በሩን ማን ተሸከመው?
ወንዱ ዘምቶ የለም?»

ገለጥኩ መጽሐፉን። መርከቡ ተቆጥሯል፣
ጋሻው፣ የግንቡ ቁመት፣ ሁሉም በልክ ሰፍሯል፤
የሸንጎው ንግግር ገጹን ሙሉ ይዟል፤
በሩን የተሸከመው ግን ስሙ ተዘልሏል።

«የኛን» አለች ቀስ ብላ፣ «እናቴ ናት ያዘለችው።
የዋንዛ ነው፣ አንድ ወጥ፤ አያቴ የጠረበው።
ሁለት ቀን በታንኳ ነው ከቁንዝላ የመጣን፤
ማዕበል ሲነሣ ባለታንኳው ተቆጣን፣
‹በሩን ጣይው› አላት። ‹ከሱ በፊት እኔን›
አለችና ተኛችበት፣ አቅፋ ታናሼን።

የተከራየነው ቤት የአከራይ ብረት በር አለው፤
የኛው መቃን የለው።
ጡብ ላይ አጋድመን እንበላበታለን፣
እንግዳ ሲመጣ እናስቀምጥበታለን፣
የርስዎንም ጥያቄ እዚያው ላይ ነው የምሠራ።»

ደወል ተደወለ።
የተነሣ የለም።

ማታ ደብተር ሳርም የሷ ላይ ደረስኩ፤
መልሱን ሳላነበው ወረቀቱን ዳበስኩ።
እስክሪብቶዋ በሄደበት ቀለሙ ይሰበራል፣
ከፊደሏ ሥር የመጥረቢያ ፈለግ ይቆጠራል፤
«አቴና» የሚለው ቃል የዋንዛው ጉጥ ላይ ወድቆ
ጎብጧል፣ ሸክም እንዳለበት ሰው።

ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
በጣቴ አንጓ ሁለቴ፣ ቀስ ብዬ፣ ወረቀቱን መታሁት።
«ቤቶች!»