ማክሰኞ ማታ በሰኞ ገበያ

ከሰኞ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ሥር፣
ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ሽቦ በሽቦ ሳስር።
ጠባብ ናት ሱቄማ፣ ሦስት ሰው ነው ልኳ፣
ማክሰኞ ሲመሽ ግን ዐሥራ አራት ነው መልኳ።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቴን ሲያለብስ፣
ይጀምራል ፊልሙ፤ መርከብ ሲገሰግስ፣
ሦስት መቶ መንገደኛ ከሆዷ ተኝቶ፣
መድረሻው ጠፍቶበት፣ መነሻውን ረስቶ።

«ይቺ መርከብ» አለ ጸጉር አስተካካዩ ዑመር፣
«የኮምቦልቻው ፋብሪካ ናት፣ ክንፍ ብቻ ቢጨመር።»
ሉባባ ከነበርበሬዋ አስነጥሳ መጥታ፣
«አራት ሳምንት ሲዋጉ፣ እራት የለም አንድ ማታ!»
ጡረተኛው መምህር እሸቴ፣ ፊዚክስ ያስተማረን፣
«በጠፈር ድምፅ የለም» ብሎ ሊያሳፍረን፣
«አየር በሌለበት ፍንዳታ ማን ይሰማል?»
ይላል፤ ሲፈነዳ ግን እሱው ቀድሞ ይዘላል።

ሙዚቃው ሲገባ ነው፣ የመርከቧ መብራት ሲጠፋ፣
አንድ ሻካራ ድምፅ አለ፣ ከሥር ከሥር የሚለፋ፤
ያኔ ጭቅጭቅ የለም። ዑመር መቀሱን አስቀምጦ፣
ሉባባ ማስነጠሷን ውጣ፣ መምህሩ ፊዚክሱን ውጦ።

ጠቡ የሚነሣው ካለቀ በኋላ ነው።

«መንዙማ ነው» ይላሉ ሼህ ሙሄ፣ ደረታቸውን ነክተው፣
«ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ድቤው ሲላላ፣ አባቴ እንዲህ ነበር የሚሉት አንገታቸውን ደፍተው።»
ዲያቆን ፍስሐ ደግሞ፣ «ከሕማማት ነው የማውቀው፤
ዕዝል ነው፣ አትሟገቱኝ፤ ሌላ ዜማ መቼ ነው ሰው እንዲህ የሚያስጨንቀው?»
ሰርግ ላይ ኦርጋን የሚመታው እንድሪስ ተቆጥቶ፣
«አምባሰል ነው! የኔው ነው! ሐይቅ፣ የከድር ሰርግ ላይ፣ ወንበሩ ባዶ ቀርቶ፣
ለራሴ የመታሁት፣ ወላሂ! ማን ወሰደው? ማን ሰምቶ?»
ባለወፍጮው ዘውዱ፣ ጆሮው በዱቄት የደነቆረ፣
«የኔን ወፍጮ ይመስላል፣ ቀበቶው ሲላላ...» አለና አፈረ።
«ኮምፒውተር ነው የሠራው» ብትል ረቢያ፣ የኮሌጇ ልጅ፣
እንደ ሰደበቻቸው ሆነ፤ ያን ማታ አላገኘችም ወዳጅ።

እኔ? እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። የምለው አልነበረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድሁ፣ እህቴ ጋ፣
ሐረጎን በሚኒባስ፣ ጆሮዬ ተደፍኖ ሲወጋ።
አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታለች፣ ግድግዳ የሚያህል፤
ያንኑ ክፍል ሲደግሙት አየሁ፣ ከልጆቿ መሐል።
ያው መርከብ፣ ያው ጨለማ፣ ያው መንገደኛ ተኝቶ፤
ያ ሻካራ ድምፅ ግን የለም፣ ከዜማው ሥር ወጥቶ ጠፍቶ።
ለስላሳ ነው፣ የታጠበ፣ እንደ ሆቴል አንሶላ፤
ሰማሁት፤ ደስ ይላል፤ ግን የማንም አይደለም፣ ሌላ።

ጠጋኝ አይደለሁ? ማታውኑ ገባኝ።
የሱቄ ድምፅ ማጉያ የተቀደደ ነው፤
በሲጋራ ወረቀትና በኮላ የለጠፍሁት፣ እየዋለ የሚላቀቀው።
ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ወረቀቱ ይርገበገባል፤ ያ ነው መንዙማው፣
ያ ነው ዕዝሉ፣ አምባሰሉ፣ የዘውዱ ወፍጮም ያው ነው።

ልነግራቸው ነበር። አዲስ ማጉያ ገዛሁ ከፒያሳ፣
ብሎን መፍቻዬን አነሣሁ፣ ማክሰኞ፣ ሰው ሳይነሣሣ።
እንድሪስ ቀድሞ ደረሰ፣ ኦርጋኑን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
«ስማኝማ፣ አገኘኋት» አለኝ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ቸኩሎ።
መታት። ያቺው ናት። አራት ጣት ነው የፈጀባት፤
ያቺ መርገብገቧ እንኳ፣ የወረቀቷ፣ አልቀረባት።

ዝም አልሁ።
አዲሱን ማጉያ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ድምፁን ጨመርሁ።
ዐሥራ አራቱ ገቡ፣ ጉሙንም ይዘው፣ እየተጋፉ፤
መርከቧ ብቅ አለች። ሼህ ሙሄና ዲያቆኑ በአንድ አግዳሚ ተቃቀፉ።
«እስቲ» አለች ሉባባ፣ ከኋላ፣
«ዛሬስ አንዱ ይበላ?»