የመውደቅ ትምህርት

ከአንታናናሪቮ ቁልቁል፣ ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ፣
ጭቃው ጡብ ይሆናል፣ ውሃው ሲሸሽ ሲርቅ።
ከጡቡ ጉድጓድ ዳር አንዲት ሜዳ አለችን፣
ግማሹን ዓመት ሐይቅ፣ ግማሹን አቧራ የምታለብሰን።

ኖራ የሀብታም ነው፤ እኔ የማሰምረው በጡብ ምድጃ አመድ፣
ቅዳሜ ሲነጋ፣ ነፋስ ሳይቀድመኝ፣ ጎንበስ ብዬ ስሄድ።

አሰልጣኛችን ሴት ናት፣ ቩሂራና ትባላለች፤
ሌሊት ዳቦ ቤት ታድራለች፣ ከሰዓት ሜዳ አለች።
ጉልበቷ ላይ ጠባሳ፣ ፀጉሯ ላይ ዱቄት፣
አንገቷ ላይ ፊሽካ፣ ለሰው የማትሰጠው፣ እንደ አባት ርስት።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ኳስ አታስነካውም።
«መጀመሪያ ውደቅ!» ትለዋለች፤ አይገባውም።
«አገጭህን ወደ ደረት፣ ክንድህን ወደ ጎን፤
ስትጥልህ አትደንግጥ፣ ክብ ሁን፣ በርሜል ሁን።
በትከሻህ ውደቅላት፣ በመዳፍህ አትመክታት፤
እጅ ይሰበራል እንጂ መሬት ምን ቸገራት!»

ሳምንት ይወድቃሉ። ሌላም ሳምንት ይወድቃሉ።
ጡብ በራሳቸው ተሸክመው የሚያልፉ እናቶች ቆመው ይስቃሉ፦
«መውደቁንማ እቤትም ያውቁበታል፤
ለዚህ ደግሞ ፊሽካ ያስፈልጋል?»

ፂላቪናን ልንገራችሁ። አሥራ አራት ዓመቱ።
ቀኝ ጫማ የእሱ ነው፤ ግራው የጓደኛው የፌኑ፤ ሲመሽ ያው በየቤቱ።
ሲሮጡ አንድ እግራቸው ያንኳኳል፣ አንዱ ዝም ይላል፤
ዓይኔን ብጨፍንም ማን እንደ መጣ ይገባኛል።

ከዚያ ቀረ። ሰኞ ቀረ። ረቡዕ ቀረ።
ፌኑ በግራ ጫማው ሜዳውን ብቻውን ዞረ።
አባቱ ታሞ ኖሯል። ጡቡን ልጁ ይሸከም ተባለ፤
በቀን አምስት መቶ፤ አንድ ቢጎድል ክፍያ የለ።

ቩሂራና ምንም አላለች። ፊሽካዋን ነፋች፤
ሃያ ሁለቱንም ልጅ በሩጫ ወደ ጉድጓዱ ነዳች።
«ዛሬ ልምምድ እዚህ ነው» አለች። ባለ ምድጃው ተቆጣ፦
«ለአንድ ነው የምከፍለው! ይሄ ሁሉ ልጅ ከየት መጣ?»

«ለአንድ ክፈል» አለችው።

ተሰለፉ። ጡቡ ከእጅ እጅ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣
ልክ እንደ ኳሱ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይጣደፉ፣ በመላ።
ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው በእኛ ጨዋታ፤
የምትሰጠው ለኋለኛው ነው፤ ፊቱን በእግርህ ታተርፈዋለህ፣ በዝግታ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስት መቶው ሞላ። ፂላቪና
ቀይ መዳፉን እያየ ቆመ፣ ቃል ጠፋውና።
ቀኙን ጫማ ከወገቡ አልፈታውም ነበር፣ ጡብ ሲሸከም እንደ ዋለ።
ፌኑ ግራውን አውልቆ ሰጠው፤ «ለዛሬ ብቻ ነው» አለ።
ያን ማታ አንዱ በሁለት ጫማ ቤቱ ገባ፣
ሌላው በባዶ እግሩ፣ እየዘለለ፣ በፉጨት ጅራፍ አቧራ ለአቧራ።

ቅዳሜ ተሸነፍን። ሠላሳ አንድ ለአምስት።
የላይ ሰፈር ልጆች በአውቶቡስ መጡ፣ ጫማቸው ሁለት ሁለት።
አምስቷም ብትሆን… አመዱ በእግር ተጠርጎ፣ ዳኛው እኔን ጠየቀኝ፦
«መስመሩ የት ነበር?» እኔም ትንሽ አቀረብኩት መሰለኝ።

ፂላቪናን አንድ ግንድ የሚያህል ልጅ ከነኳሱ ጣለው።
አገጭ ወደ ደረት። ክንድ ወደ ጎን። ተንከባሎ ተነሣ፤
ያን ጊዜ ነው ቩሂራና ፊቷን ያዞረችው፣
ዱቄት ዓይኗ የገባ ይመስል፣ በእጅጌዋ ጥግ ልታብሰው።

ሰኞ ሃሲና የምትባል፣ ጥርሷ የወለቀ፣ የሰባት ዓመት ልጅ መጣች።
«ኳሱስ?» አለች።
«መጀመሪያ ውደቂ» አላት ፂላቪና፣
እጁ ገና የጡብ ቀለም እንደ ያዘ ነውና።

እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ሲመሽ፣
ባልዲዬን አስቀምጬ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣
አንድ ጊዜ ሞከርኩት።

በመዳፌ ወደቅሁ።
እስካሁን ያመኛል።